በሁለት ሥዕሎች መካከል፦ ስለ ፊልም ቅንብርና ስለ አቀናባሪው ኀላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




ስለ ፊልምና ስለ ቴሌቪዥን የሥዕል አቀራረብና ቅንብር ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ርእሱ ሰፊ በመሆኑ ከየት መጀመር እንደሚገባ ማሰብ ግድ ሆነብኝ። ስለ ካሜራ አያያዝ፣ ስለ መብራት አሰጣጥ፣ ስለ ድምፅ አቀራረጽ ብዙ ሊባል ይቻላል። ይህን ሁሉ ግን እናንተ በየዕለቱ በሥራ ላይ የምትውሉበት ስለ ሆነ በዚህ ጉባኤ ላይ መድገሙ ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ ላነሣ የመረጥሁት በአንዱ ሥዕልና በሚቀጥለው ሥዕል መካከል ያለውን መጋጠሚያ ነው። በዚያ መጋጠሚያ ላይ ቃል የለም፣ ቀለም የለም፣ ድምፅም የለም። ይሁን እንጂ ተመልካች ከሁሉ አብልጦ የሚያምነው በዚያ ባዶ ሥፍራ የተነገረውን ነው።

የሚያምንበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በአንደበት የተነገረውን ነገር ሰው «ማን አለ? በምን ታወቀ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ሥዕሎች ተከታትለው ሲታዩ ግን መደምደሚያውን የሚሠራው ተመልካቹ ራሱ ነው። ራሱ የደረሰበትን መደምደሚያ ደግሞ ማንም ሰው ምስክር አይጠራበትም። በማግስቱም ለጎረቤቱ «በዐይኔ በብረቱ አየሁት» ይላል። ያየው ሁለቱን ሥዕሎች ሲሆን፣ አየሁት የሚለው ግን በመካከላቸው ያለውን ነው።

ለዚህ ጉዳይ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም ከማናቸውም ምሳሌ የበለጠ ያስተምረናል። ያ ፊልም በተለመደው የታሪክ አነጋገር የአንድ መንግሥት ፍጻሜ ምልክት ሆኖ ይጠቀሳል። እኛ ግን በሙያችን፣ እንደ ቅንብር ሥራ፣ ቁራጩን ከቁራጩ እየለየን ልንመረምረው ይገባናል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን መመርመሪያውን ለማዘጋጀት ያህል ስለ ሥዕልና ስለ መጋጠሚያ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል።

ካሜራው ሳይቋረጥ በአንድ ጊዜ የቀረጸውን ሥዕል «ቁራጭ» እያልሁ እጠራዋለሁ። አንድ ቁራጭ ከሌላው ጋር ከመጋጠሙ በፊት ብቻውን የሚናገረው ነገር አለው። ካሜራው ከሰውዬው በምን ያህል ርቀት ቆመ? ከበላዩ ሆኖ አዘቅዝቆ ነው ያየው ወይስ ከበታቹ ሆኖ አንጋጦ? ብርሃኑ ከየት መጣ? ሥዕሉስ በተመልካቹ ፊት ለስንት ሴኮንድ ቆየ? እነዚህ ጥያቄዎች ተራ የሥራ ጥያቄዎች ቢመስሉም እያንዳንዳቸው ፍርድ አለባቸው።

የአገራችን ሰው ይህን የመሰለውን የሥዕል ንባብ ሲኒማ ከመምጣቱ አስቀድሞ ያውቀዋል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች በቆየው ሥርዓታቸው ጻድቁን ፊቱን ሙሉ አድርገው በሁለት ዐይኑ ሲስሉ፣ ከሓዲውንና ርኩሱን መንፈስ ግን በጎን አዙረው በአንድ ዐይን ይስሉታል። ፊደል ያልቈጠረው ምእመን እንኳ ግድግዳውን ባየ ጊዜ ማን የተመረጠ፣ ማን የተወገዘ እንደ ሆነ ወዲያው ይለያል። እንደዚሁም የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተከታታይ ክፍሎች፣ ብዙውን ጊዜም በ44 ሥዕሎች ከፍለው የሚያሳዩ ሠዓሊዎች ነበሩን። ንግሥቲቱ በአንዱ ክፍል ለጉዞ ትሰናዳለች፤ ጥቂት አለፍ ብሎ ባለው ክፍል በሰሎሞን ፊት ትቆማለች። በመካከል ያለውን የበረሃና የባሕር መንገድ ያልተሣለውን ያህል ተመልካቹ ከራሱ አሳብ ይሞላዋል። እንግዲህ ፊልም ለእኛ ያመጣው አዲስ ነገር ሥዕልን ማስከተል አይደለም። ፍጥነትን ነው ያመጣው። በግድግዳ ሥዕል ፊት የቆመ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ የመጀመሪያውን ክፍል ሊመረምር ይችላል። በፊልም ፊት የተቀመጠ ሰው ግን ይህ ጊዜ አይሰጠውም።

የመጋጠሚያውን ኀይል በሙከራ ለማሳየት ከተነሡት ሰዎች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነገረው የሶቪዬቱ የፊልም መምህር ሌቭ ኩሌሾቭ ነው። ኩሌሾቭ በ1910ሮቹ መጨረሻና በ1920ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ባደረገው ሙከራ፣ ኢቫን ሞዙኪን የተባለውን ተዋናይ ምንም ስሜት የማይነበብበት ፊት ወሰደና አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፣ ሌላ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን፣ ሌላ ጊዜም ከምትጫወት ሕፃን ሥዕል ጋር አጋጠመው። የሙከራው ፊልም ራሱ እስከ ዘመናችን አልቆየም። ስለ እርሱ የምናውቀው እንደ ፑዶቭኪን ያሉ የሥራ ባልደረቦቹ በጻፉት ነው። በእነርሱ ቃል መሠረት፣ ተመልካቾች ተዋናዩ ሾርባውን ሲያይ ረኀቡን፣ ሬሳውን ሲያይ ኀዘኑን፣ ሕፃኗን ሲያይ ደስታውን እንዴት አድርጎ እንደ ገለጸ አደነቁ። ፊቱ ግን አንድና ያው ነበር።

የእኛ ሊቃውንት በአንድ ቃል ውስጥ ሰምና ወርቅ አኑረው ሁለት ፍች ያወጣሉ። አቀናባሪ ደግሞ በተቃራኒው ሁለት ሥዕል አጋጥሞ በሁለቱም ውስጥ ያልነበረ አንድ ፍች ያወጣል። በቅኔ ግን ሰሚው ወርቅ መኖሩን ዐውቆ ይፈልገዋል። በፊልም ግን ተመልካቹ ወርቁን ሳይፈልገው ስለሚቀበለው፣ መቀበሉንም ላያውቅ ይችላል።

አሁን ወደ ጉዳያችን የሚያቀርበን ሌላ ምሳሌ ልጥቀስ። የአሜሪካው የፊልም አዘጋጅ ዲ. ደብልዩ. ግሪፊዝ በ1909 (እ.ኤ.አ.) ስለ ስንዴ ንግድ አንድ አጭር ፊልም ሠራ። ርዝመቱ ሩብ ሰዓት ያህል ነው። አንድ ባለጠጋ የገበያውን ስንዴ ጠቅልሎ ይገዛል፤ የዳቦም ዋጋ ይንራል። ግሪፊዝ የባለጠጋውን ግብዣና ዳቦ ለመግዛት የተሰለፉትን ድሆች ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በግብዣው ሰው ይንቀሳቀሳል፣ ይስቃል፣ ጽዋ ያነሣል። በዳቦው ሰልፍ ያሉት ግን እንደ ደረቀ ሥዕል ቀጥ ብለው ቆመዋል። ባለጠጋው ከድሆቹ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ አይገናኝም። ቢሆንም ተመልካቹ «እነዚህ የሚበሉት የእነዚያን ነው» ብሎ ፈረደ። ባለ ድግሱንና ረኀብተኛውን በመጋጠሚያ ፊት ለፊት ማቆም ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተለመደ የቅንብር ዘዴ ሆነ።

ሰርጌይ አይዘንስታይን ደግሞ «አድማ» በተባለው የ1925 (እ.ኤ.አ.) ፊልሙ ይህን ዘዴ ከዚህ አርቆ ወሰደው። በፊልሙ መጨረሻ ወታደሮች ሠራተኞችን ሲፈጁ ከሚታይበት ሥዕል ጋር በቄራ የሚታረድ በሬ ሥዕል ያጋጥማል። በሬው በታሪኩ ውስጥ ምንም ሥፍራ የለውም። የመጣው ለአምሳያነት ብቻ ነው። አይዘንስታይን ራሱ በኋላ እንዳስገነዘበው፣ ይህ መጋጠሚያ ለሁሉ ተመልካች አንድ ዐይነት ስሜት አይሰጥም፤ ከብቱን ራሱ ማረድ የለመደው ገበሬ በበሬው መታረድ አይደነግጥም። የእኛም ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በዓውደ ዓመት ደጃፉ ላይ በግ ወይም በሬ የሚጥል ሰው የዕርድ ሥዕል ባየ ጊዜ ድግስ ሊታየው ይችላል። ከዚህ የምንማረው፣ የመጋጠሚያው ፍች ግማሹ በፊልሙ፣ ግማሹም በተመልካቹ ኑሮና ልማድ ውስጥ መሆኑን ነው።

ክቡራን አባላት፣

ይህን መመርመሪያ ይዘን ወደ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ እንመለስ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1966 ዓ.ም. መግቢያ ወደ ወሎ ሄዶ በረኀብ ያለቀውንና የሚያልቀውን ሕዝብ የሚያሳይ ዝግጅት ሠርቶ ነበር። ዝግጅቱ «ያልታወቀው ረኀብ» የሚል ትርጉም ባለው ርእስ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በለንደኑ ቴምስ ቴሌቪዥን ታየ። በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች ብዙ ሰው ገንዘብ ለማዋጣት ተነሣ። በዚህ በአገራችን ግን የመንግሥቱ ባለሥልጣኖች ነገሩን ሸሽገውት ስለ ነበረ፣ ፊልሙ ለሕዝብ ሳይታይ ወራት አለፉ።

ደርግ ሥልጣኑን ደረጃ በደረጃ ከያዘ በኋላ ይኸው ፊልም በቅንብር ጠረጴዛ ላይ ወጣ። በወሎ ረኀብተኞች ሥዕል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ድሎት፣ እንዲሁም ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳዩ ሥዕሎች ገቡበት። ርእሱም ረኀቡ የተደበቀ መሆኑን በሚናገር ርእስ ተለወጠ። በአዲስ ዓመት ማታም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ንጉሠ ነገሥቱም ፊልሙን እንዲመለከቱት ተነግሯቸው እንደ ነበረ ይተረካል። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ከዙፋናቸው መውረዳቸው ታወጀ።

የዚያን ማታ ተመልካች ማን እንደ ነበረም ማሰብ ይገባል። ቴሌቪዥን ያን ጊዜ በአብዛኛው በአዲስ አበባ ነዋሪ ቤት የነበረ ነው። ዕለቱ ዓውደ ዓመት ስለ ሆነ ቤተሰብ ተሰብስቧል። ቀኑ ደግሞ ረቡዕ ነበር፤ ለብዙው ተመልካች የጾም ቀን ነው። በጾም ቀን፣ በበዓል ማታ፣ ከሥጋ ተከልክሎ የተቀመጠ ሰው ውሻ ሥጋ ሲበላ አየ፤ ቀጥሎም የሚላስ የሚቀመስ ያጣ ሕፃን አየ። በአገራችን ልማድ የውሻ ቦታ ከደጃፍ ውጭ ነው። እንግዲህ አይዘንስታይን ያስገነዘበው የተመልካቹ ልማድ በዚያ ማታ ሙሉ በሙሉ ለአቀናባሪው አገልግሏል። ያ መጋጠሚያ በሌላ አገር የባለጠግነት ምልክት ብቻ ሊሆን ይችል ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ነውር ሆኖ ታየ።

ያ ቅንብር እውነት ተናግሯል ወይስ ዋሽቷል? በዚህ ጥያቄ ላይ ሁለት ወገን ሆኖ መከራከር ቀላል ነው። ለሙያችን የሚጠቅመን ግን ሌላ መንገድ ነው። መጋጠሚያው በዝምታ የተናገረውን በቃል እንጻፈውና ዐረፍተ ነገሩን እንደ ማናቸውም ዐረፍተ ነገር እንፈትነው።

በመጀመሪያ፣ መጋጠሚያው «ሕዝብ ሲራብ ቤተ መንግሥቱ በድሎት ይኖር ነበር፤ ረኀቡም ተሸሽጎ ነበር» ይላል። ይህ እውነት ነው። በወሎ በአሥር ሺዎች የሚቈጠር ሰው ሲያልቅ ነገሩ ከሕዝብ ጆሮ ተሰውሯል። ይህን መናገር ተገቢ ብቻ ሳይሆን ዘግይቶ የመጣ ግዴታ ነበር።

ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር «ይህ ሥጋ ለውሻ ሲሰጥ በዚያው ሰዓት ይህ ሕፃን ይሞት ነበር» የሚል ነው። ለዚህ ሥዕሎቹ ምስክር ሊሆኑ አይችሉም። የግብዣውና የውሾቹ ሥዕል በሌላ ጊዜና ለሌላ ጉዳይ የተቀረጸ ነው። አንድ ሰዓት ያደረጋቸው መቀሱ ነው።

ሦስተኛው «የዚህ ሁሉ ምክንያት እኚህ ሰው ናቸው» ይላል። የወሎ ረኀብ ግን ድርቅ፣ የመሬት ሥሪት፣ ግብርና ጭሰኝነት፣ የመንገድ እጦት፣ የሹማምንት ዝምታ ተባብረው ያመጡት ነው። መሬት ሥሪትን በካሜራ ማንሣት አስቸጋሪ ነው፤ ፊት ማንሣት ግን ቀላል ነው። ስለዚህ መጋጠሚያው አንድን ሙሉ ሥርዓት ወደ አንድ የሽማግሌ ፊት አጠበበው። በግሪፊዝ ፊልምም የስንዴው ባለጠጋ በመጨረሻ በራሱ ስንዴ ተቀብሮ ሲሞት ተመልካች ይረካል፤ የስንዴው ገበያ ግን እንዳለ ነው።

አራተኛው ዐረፍተ ነገር ከሁሉ ይልቅ የተሰወረ ነው። «ይህን የሚያሳያችሁ ከዚህ በደል ንጹሕ ነው» ይላል። ይህን የሚናገር አንድም ሥዕል በፊልሙ ውስጥ የለም፤ ይሁንና የሚያሳየው ወገን በሥዕሉ ውስጥ ባለመኖሩ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ካሜራ የያዘ እጅ በፊልም ላይ አይታይምና።

እንግዲህ የዚያ ማታ ቅንብር ትልቁ ጉዳይ አንድ እውነተኛ ዐረፍተ ነገር ሦስት ያልተመረመሩ ዐረፍተ ነገሮችን በጀርባው አዝሎ ማለፉ ነው። ተመልካቹ የመጀመሪያውን እውነትነት ስላወቀ የቀሩትንም አብሮ ተቀበለ። ከዚህም በላይ ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። የወሎ ገበሬና ልጆቹ በፊልሙ ውስጥ የክስ ግማሽ ሆኑ። ስማቸው፣ ቀያቸው፣ የሚሉት ነገር ከግብዣው ሥዕል ጋር ለመጋጠም አስፈላጊ ስላልነበረ ቦታ አላገኘም። ተከሳሹ በስሙ ታወቀ፤ ተበዳዩ ግን ስም የሌለው ፊት ሆኖ ቀረ።

ከዚህ የተለየ መንገድ መኖሩን ለማሳየት በዚያው በ1974 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን የተቀረጸ ሌላ ፊልም አለ። የጎንደሩ ተወላጅ ኀይሌ ገሪማ በአሜሪካ በሎስ አንጀለስ የሲኒማ ትምህርት ሲማር ወደ አገሩ መጥቶ «ምርት ሦስት ሺሕ ዓመት» የተባለውን ፊልም በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ቀረጸ። ፊልሙ በጥቁርና ነጭ ነው፤ ተዋናዮቹም አብዛኞቹ በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። በ1976 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ በሎካርኖ የፊልም በዓል ሽልማት አግኝቷል። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።

የዚህም ፊልም ጉዳይ ባለ ርስቱና ጭሰኛው ነው። አቀራረቡ ግን ሌላ ነው። ኀይሌ ብዙውን ጊዜ ቁራጮቹን አያሳጥርም። ገበሬው ከሩቅ ተነሥቶ ማሳውን አቋርጦ እስኪመጣ ካሜራው ይጠብቃል። ባለ ርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲቈጣና ሲያዝዝ፣ ታዛዡም ሲመላለስ ተመልካቹ ይቈያል። የሥራው ርዝመትና አድካሚነት በቃል አይነገርም። ተመልካቹ በወንበሩ ላይ ሆኖ ከጊዜው ጥቂቱን ራሱ ይከፍላል። መሬቱን የተነጠቀውና ሰው እንደ እብድ የሚያየው ከበበ በመጨረሻ ባለ ርስቱን ሲገድል፣ ያ ግድያ ከሰማይ የወረደ አይመስለንም። ቀስ በቀስ ሲጠራቀም አይተነዋልና።

የፈረንሳዩ ሐያሲ አንድሬ ባዘን በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ጠቃሚ መመሪያ ትቶልናል። የነገሩ ፍሬ ሁለት ነገሮች በአንድ ሥፍራ አብረው በመገኘታቸው ላይ የቆመ እንደ ሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ቁራጭ ውስጥ ማሳየት ይገባል፤ በመቀስ ማጋጠም አይገባም ይላል። ሮበርት ፍላኸርቲ በ1922ቱ (እ.ኤ.አ.) የናኑክ ፊልሙ አዳኙን፣ በበረዶው ላይ ያለውን ቀዳዳና አቈስጣውን አንድ ላይ ማሳየቱን በዚህ ምክንያት ያደንቃል። ይህን መመሪያ ወደ እኛ ስናመጣው፣ ባለ ርስቱና ጭሰኛው በአንድ ሥዕል ውስጥ ሲታዩ ሥዕሉ ምስክር ነው፤ ግብዣውና ረኀቡ በመቀስ ሲጋጠሙ ግን ቅንብሩ ጠበቃ ነው። ጠበቃ መሆን ነውር አይደለም። ነውሩ ጠበቃው የምስክር ልብስ ለብሶ ሲቀርብ ነው።

ይህን ስል ረጅም ቁራጭ ሁልጊዜ እውነተኛ ነው ማለቴ አይደለም። ኀይሌም ቢሆን ይመርጣል፣ ይቈርጣል፣ ድምፅን በሥዕል ላይ ይደርባል፤ ሥራውም በግልጽ ለአንድ ወገን የቆመ ነው። ልዩነቱ፣ ተመልካቹ እንዲመረምር ጊዜ መስጠቱ ነው።

ወደ ቴሌቪዥን እንመለስ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢቢሲ የማይክል በርክንና የኬንያዊውን የካሜራ ባለሙያ የመሐመድ አሚንን የቆረም ዘገባ አሳየ። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ነበር። የዘገባው ኀይል ከተንኰለኛ መጋጠሚያ የመጣ አይደለም። በማለዳ ብርሃን ውስጥ ሜዳውን የሞላው ሕዝብ ሲታይ ካሜራው አልቸኰለም፤ ተራኪውም በጥቂት ቃል ተወስኖ ሥዕሉ እንዲናገር ፈቀደለት። ዘገባው በዓለም ዙሪያ ታይቶ ብዙ እርዳታ አስነሣ። ሆኖም ይህም አቀራረብ የራሱ ጉድለት አለው። ሜዳ የሞላ ረኀብተኛ በማለዳ ጭጋግ ውስጥ ሲታይ ረኀቡ ከጥንት ጀምሮ የነበረና ከሰማይ የመጣ ይመስላል። በሰሜን ይካሄድ የነበረው ጦርነት በዚያ ሜዳ ላይ አይታይም። ረጅሙ ቁራጭ የሰውን ሥቃይ በታማኝነት ሲያሳይ፣ ምክንያቱን ግን ከክፈፉ ውጭ ይተወዋል።

ከዚያ ዘገባ በፊት ባለው ወር፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ሰልፍና ድግስ ተከብሮ ነበር። ረኀቡ ግን ያን ጊዜም ነበረ። ለሕዝብ ግን በግልጽ አልተነገረም። በ1967 ዓ.ም. ግብዣንና ረኀብን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ቴሌቪዥን ከ10 ዓመት በኋላ ሁለቱም ዐይነት ሥዕል በአገሩ ሳለ አላጋጠማቸውም። እዚህ ላይ አራተኛው ዐረፍተ ነገር ሐሰት ሆኖ ተገኘ። መጋጠም የነበረበትን ሥዕል ሳያጋጥሙ መተውም ራሱ ቅንብር ነው። በእኔ አስተያየት ከቅንብር ሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው፤ ምክንያቱም በፊልሙ ላይ ምልክት ስለማይተው ማንም ሊመረምረው አይችልም።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ በዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚያነሡ ዐውቃለሁ። «ዜና በአንድ ደቂቃ ተኩል ያልቃል፤ ኀይሌ ገሪማ ያለው ሁለት ሰዓት ተኩል የለንም። ሳይቈረጥ የሚሠራ ቴሌቪዥንም የለም» ይላሉ። እውነት ነው። እኔም መቀሱን እናስቀምጥ አልልም። የምለው፣ አቀናባሪ በመጋጠሚያው የተናገረውን ዐረፍተ ነገር ዐውቆ ይናገር ነው። ሪፖርተር ለጻፈው ቃል ይጠየቃል፤ አዘጋጁም ያርመዋል። መጋጠሚያው ግን ከቃሉ የበለጠ ሲናገር ሳለ ያለ አራሚ ያልፋል።

ስለዚህ ለሥራ የሚመቹ ጥቂት ነገሮችን ላሳስብ። አንድ ዝግጅት ከመተላለፉ በፊት አቀናባሪውና አዘጋጁ ዋና ዋናዎቹን መጋጠሚያዎች ወደ ቃል ይመልሷቸው፤ «ይህ ከዚህ ቀጥሎ ሲታይ ምን አልን?» ብለው ይጠይቁ። ያ ዐረፍተ ነገር በተራኪው አንደበት ለመነገር የሚያስፈራ ከሆነ በመጋጠሚያም መነገር የለበትም። ከመዝገብ ቤት የወጣ የቆየ ሥዕል ቀኑና ሥፍራው በላዩ ይጻፍበት። ዋሽንትና ክራር በኀዘንተኛ ፊት ላይ ሲደረብም ያው ጥያቄ ይጠየቅ፤ ሙዚቃም በጆሮ የሚገባ መጋጠሚያ ነውና። የተበደለው ሰው ፊት ብቻ ታይቶ አይለፍ፤ ስሙን ለመናገር የፈቀደ እንደ ሆነ ስሙ ይነገር፤ የሚለውም ነገር ይሰማ። በመጨረሻም ያልተቈረጠው ቅጂ ከተቈረጠው ጋር አብሮ በመዝገብ ይቀመጥ። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው ሁለቱን አስተያይቶ እንዲፈርድብን መንገድ መተው የሙያው ሐቀኝነት ነው።

ይህ ማሳሰቢያ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልግ ይመስለኛል። በ1967 ዓ.ም. መቀሱ በአንድ ቤት ውስጥ በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። ዛሬ በእያንዳንዱ የእጅ ስልክ ውስጥ አለ። ባለፉት ዓመታት በአገራችን በደረሰው ግጭት፣ በሌላ አገር ወይም በሌላ ጊዜ የተቀረጸ ሬሳ ከዛሬ ንግግር ጋር ተጋጥሞ ሲሠራጭ፣ ሰውም «በዐይኔ በብረቱ አየሁት» ብሎ ለበቀል ሲነሣ አይተናል። ያንን የሚያጋጥመው ሰው ኩሌሾቭን አያውቀውም፤ ሥራውን ግን ይሠራል። የእኛ ማኅበር አባላት ከእነዚያ የምንለየው በመሣሪያ አይደለም፤ መሣሪያው የሁሉም ሆኗል። የምንለየው ለመጋጠሚያችን ለመጠየቅ ፈቃደኞች በመሆናችን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ተመልካቹንም ማስተማር ከሥራችን አንዱ ክፍል ነው። አባቶቻችን በአንድ ዐይን የተሣለውን ፊት ሲያዩ የሠዓሊውን ፍርድ ያነቡ ነበር። ሥዕሉ ፍርድ መሆኑን ያውቁ ስለ ነበረ አልተታለሉበትም። የዛሬው ልጅ ደግሞ ፊልም ሲያይ «እነዚህን ሁለት ሥዕሎች ማን አገናኛቸው? በመካከላቸው የተተወው ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ በትምህርት ቤትም፣ በዝግጅቶቻችንም ልናለማምደው ይገባል። እንዲህ ያለ ተመልካች ያለው አቀናባሪ ሥራው ይከብደዋል፤ ነገር ግን የሚሠራው ለሚያከብረው ሰው ይሆናል።